ኳሷ ለምን ወደ ሰማይ ትወጣለች?

ባለፈው ከ7ኛ «ለ» ጋር ስንጫወት ፔናሊቲ መታሁና ኳሷ ከጎሉ በላይ አልፋ አጥሩን ዘለለች። ተሸነፍን። እስካሁን «አጥር ዘላይ» ይሉኛል። የስፖርት መምህራችን ግን ጥፋቱ የአቋቋሜ መሆኑን አሳዩኝ፤ ወደ ኋላ ተንጋልዬ ከሥሯ ስለመታኋት ነው ሽቅብ የሄደችው።

ስለዚህ የማትመቱበትን እግር ከኳሷ ጎን አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ትከሉ። ደረታችሁን ወደ ኳሷ ዘንበል አድርጉ። ቁርጭምጭሚታችሁን አጠንክራችሁ፣ በአውራ ጣት ሳይሆን የጫማ ማሰሪያ ባለበት በኩል መሃሏን ምቱ። እስክትመቱ ዓይናችሁ ከኳሷ አይነሳ፤ እኔ በረኛውን ነበር የማየው።

አሁን በየእረፍቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቼ እለማመዳለሁ፤ ትናንት ከ10 ምት 6ቱ ክቡን ነካ። ከእንግዲህ «ፔናሊቲ ማን ይምታ?» ሲባል አልደበቅም።