አቻ ለሁለቱም ሲበቃ

ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት።  እዚህ የእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን ሊግ የሆነውን የሻምፒዮንሺፕ የመጨረሻ ቀን የምናይበት ቤት ሞልቷል፤ ሁሉም ጨዋታ በተመሳሳይ ሰዓት ስለተጀመረ ቴሌቪዥኑ ከአንዱ ስታዲየም ወደ ሌላው ይዘላል። አንድ ወጣት ድንገት ጠየቀ፦ «አቦ፣ ሁለቱም ተጋጣሚዎች አቻ ከበቃቸው ለምን ይለፋሉ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔን ግን ጥያቄው አላስተኛኝም።

ፍለጋዬ ወደ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1892 ወሰደኝ። የእንግሊዝ ሊግ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በ12 ክለቦች የተጀመረው ያኔ ነው። አንደኛ የወጣ ቡድን በቀጥታ ያድግ ነበር ብዬ ገምቼ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ስሞል ሂዝ፣ የዛሬው በርሚንግሃም ሲቲ፣ አንደኛ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ለካ የታችኛው ዲቪዚዮን መሪዎች ከላይኛው ጭራዎች ጋር «የፈተና ጨዋታ» መግጠም ነበረባቸው። ስሞል ሂዝ ከኒውተን ሂዝ፣ ከዛሬው ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ጋር መጀመሪያ አቻ ወጣ፤ በድጋሚው 5 ለ 2 ተሸነፈ። የዓመት ልፋት ገደል ገባ።

በ1896 አሠራሩ ተለወጠ። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ክለቦች ተመርጠው በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ ይጋጠማሉ፤ ነጥባቸው ይደመራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። የወጣቱ ጥያቄ መልስ ግን የተደበቀው እዚሁ ውስጥ ነበር።

ሚያዝያ 30 ቀን 1898 እ.ኤ.አ. ስቶክ በሜዳው በርንሌን አስተናገደ። ነጥቡ ሲሰላ አቻ ለሁለቱም ይበቃል። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፤ ጎል ለማግባት የፈለገ ቡድንም አልነበረም። የተናደደው ተመልካች ወደ እርሱ የመጣችውን ኳስ አልመልስም ብሎ ያዘ። ስቶክ ከመውረድ ተረፈ፣ በርንሌ አደገ፤ በዚያው የፈተና ጨዋታ የነበሩት ኒውካስልና ብላክበርን ውጪ ቀሩ።

በዚህ ቦታ ንባቤን አቆምኩ። የትኛውን ደንብ ጣሱ? አቻ መውጣት ወንጀል አይደለም። ችግሩ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ሳያሸንፉ የሚያተርፉበትን ቀዳዳ የከፈተው ደንብ ነበር። ሊጉም ገባው። በዚያው ዓመት የፈተና ጨዋታው ቀረ፤ አንደኛው ዲቪዚዮን ከ16 ወደ 18 ክለቦች ሰፋና ኒውካስልና ብላክበርንም ገቡ። ያኔ ሁለት ክለብ በቀጥታ ይወጣል፣ ሁለት ይወርዳል ተባለ። በ1899 ማንቸስተር ሲቲና የትንሽ ከተማው ግሎሶፕ አደጉ፤ ቦልተንና ሼፊልድ ዌንስዴይ ወረዱ። ግሎሶፕ በዓመቱ የመጨረሻ ሆኖ ተመለሰ።

ሆኖም ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። በ1982 የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ጨዋታዋን ጨርሳ ስትጠብቅ፣ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በማግስቱ ተገናኙ። ጀርመን 1 ለ 0 ካሸነፈች ሁለቱም ያልፋሉ። በ10ኛው ደቂቃ ጎሉ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ስትንሸራሸር ዋለች። አልጄሪያ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመራሉ። ቴሌቪዥናችን ያን ቀን የዘለለበት ምክንያት ገባኝ፦ ሌላው ሜዳ ምን ላይ እንደሚያልቅ ሳያውቁ ለመስማማት ይከብዳል።

የመውጣትና የመውረድ ደንብ ሲከበር የሚሰጠውን ደስታ ለማየት እንግሊዝ መሄድ አያስፈልግም። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አደገ፤ በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ኢፕስዊች በ1962፣ ኖቲንግሃም ፎረስት በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳደጉ በዓመታቸው ያደረጉትን ነው የደገመው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወረደ። ሐረር ቢራን በፕሪሚየር ሊጉ ያየ የሐረር ሰውም ይህን መውጣትና መውረድ ያውቀዋል።

ወጣቱን ሳገኘው እንዲህ አልኩት፦ አቻ ለሁለቱም ከበቃ የሚለፋ የለም፤ ስለዚህ ማንም ተኝቶ የማያተርፍበት ደንብ ይውጣ። የእኛም ሊጎች የመጨረሻ ቀን ጨዋታዎች ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፊሽካ ይጀመሩ።