ድርሰትና ዝግጅት

የአዲስ አበባ የቴአትር ማስታወቂያ ከርዕሱ ሥር ብዙ ጊዜ «ድርሰትና ዝግጅት» ይልና አንድ ስም ብቻ ያስከትላል። በሶማሊላንዷ ሐርጌሳም ልማዱ ያው ነው፤ ተውኔቱን የቋጠረው አብዋን፣ ማለትም ባለቅኔው፣ ተዋንያኑን ራሱ ያሠለጥናል፣ መድረኩንም ራሱ ይመራል። ታዲያ በሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤ ወረዳ የምትኖር፣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች አንዲት ልጅ «ቴአትር ማዘጋጀት ልማር» ብትል ቤተሰቦቿ መጀመሪያ የሚጠይቋት «ግጥም ትጽፊያለሽ?» ብለው ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። አልጽፍም ካለች ነገሩ ይወሳሰባል። ያለ ድርሰት ዝግጅት ምንድን ነው?

በእኛ ቋንቋ «አዘጋጅ» የመጽሔት ኃላፊውንም፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ባለቤቱንም፣ የቴአትር ዳይሬክተሩንም ይጠራል። ቃሉ ለሁሉም እንደ ነጠላ ጣል የሚደረግ ስለሆነ የሙያው ቅርጽ አይታይበትም። የዝግጅት ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አስቸጋሪነትም ከዚሁ ይጀምራል። ተዋናይ ፈታኞቹ ፊት ቆሞ ይጫወታል፤ ደራሲ ጽሑፉን ያስገባል፤ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ያነሣል። አዘጋጅ የሚያሳየው የሌላ ሰው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ነው። የእሱ የሆነውን ከዚያ መሀል ለይቶ ማውጣት የአመልካቹ ሥራ ነው።

ሞስኮ የሚገኘውና ታሪኩን ከ1878 እ.ኤ.አ. የሚቆጥረው የቴአትር ትምህርት ቤት፣ ጊቲስ፣ ለዚህ የራሱ መፍትሔ አለው። እዚያ ዝግጅት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አመልካቹ አስቀድሞ ተረት፣ ግጥምና ዝርው ጽሑፍ በቃሉ ይወጣል፤ ተዋናይን የሚመራ ሰው የመድረክ ፍርሃትን ራሱ ቀምሶ ይወቀው እንደ ማለት ነው። ቀጥሎ «ኤክስፕሊካጺያ» የሚሉት ይመጣል፦ አንድ ተውኔት መርጦ እንዴት እንደሚያዘጋጀው ማስረዳት። ለምን ይህን ተውኔት? ለምን ዛሬ? ታሪኩ የሚዞርበት ድርጊት የቱ ነው? መጋረጃው ሲከፈት ተመልካቹ መጀመሪያ ምን ያያል? በአሜሪካ ደግሞ የመጀመሪያውን የድራማ ዲግሪ ትምህርት በ1914 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ካርኔጊ ሜለንን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ከአመልካቹ የሥራ ማኅደር ይጠይቃሉ፣ ቃለ መጠይቅም ያደርጉለታል። በማኅደሩ ውስጥ ፎቶግራፍ፣ የመድረክ ንድፍና የልምምድ ማስታወሻ ይገባል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስታወሻው ነው። ፎቶግራፍ ያማረውን ቅጽበት ብቻ ያስቀራል፤ ማስታወሻው ግን ሦስተኛው ትዕይንት ለምን አልሠራ እንዳለና አዘጋጁ በማግስቱ ምን እንደ ለወጠ ይናገራል።

አገራችን የዝግጅት ትምህርትን ያገኘችው በዙሪያ ጥምጥም ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቺካጎ ሕግ አጥንቶ ሲያበቃ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ለንደኑ ሮያል ኮርትና ወደ ፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሄዶ ቴአትር ሲሠራ በቅርብ ተመለከተ። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተማረ። ሁለቱም ሲመለሱ ይደርሱም ያዘጋጁም ነበር። አባተ መኩሪያ ግን ስሙ የገነነው በዝግጅት ነው፤ የጸጋዬን ተውኔቶች መድረክ ላይ በማቆም። የድርሰትና የዝግጅት ስም በአንድ ማስታወቂያ ላይ ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚገኝ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ በተውኔት ደራሲው በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራል። ዲግሪው የቴአትር ጥበባት እንጂ የዝግጅት ብቻ አይደለም፤ ትወናና ድርሰትም አብረው ይሰጣሉ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህ የሚሻል ይመስለኛል። ዝግጅት ብቻ ልማር ብሎ የገባ ልጅ ሌላውን ለማዘዝ ይቸኩላል።

ወደ ማሕሙድ ሃይቤዋ ልጅ እንመለስ። በቶጎ ውጫሌና በጅጅጋ አድርጋ አዲስ አበባ ብትመጣም፣ ማኅደሯን ወደ ሌላ አገር ብትልክም፣ በእጇ ያለውን ሀብት ማወቅ አለባት። የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘፈን፣ ግጥምና ተውኔት የተቀዳባቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች ሰብስቦ ይዟል። ሶማልኛ በላቲን ፊደል መጻፍ በይፋ የጀመረው በ1972 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ተውኔቶች የኖሩት በቃልና በካሴት ነው። አብዋኑ እያለ ተዋናዩ ይቀበላል፤ ልክ እንደ ቅኔ ቤት።

በ1968 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ የዋለውን የሐሰን ሼኽ ሙሚንን «ሸቤልናጎድ» እንውሰድ። ርዕሱ «በሴቶች መካከል ያለ ነብር» እንደ ማለት ነው፤ በሐሰት ጋብቻ ልጃገረድን ስለሚያታልል ሰው የሚያወራ ተውኔት ነው። ቁም ነገሩ በግጥም ነው የሚነገረው፤ ከግጥሙም አንዲት ቃል አትነካም። በግጥሞቹ መካከል ያለውን የዝርው ንግግር ግን ተዋንያኑ የታሪኩን መንገድ ሳይለቁ ከራሳቸው አፍ ያወጡታል። የዛሬው ቀልድ ከትናንቱ ይለያል። እንግዲህ አዘጋጅ የሚቀመጥበት ወንበር እዚህ ጋ ነው። ግማሹ ተውኔት እንደ ድንጋይ የጸና፣ ግማሹ እንደ ውኃ የሚፈስ ከሆነ ተዋናዩን የት ይዞ የት ይለቀዋል? ከዝርው ወደ ግጥም ሲሻገር ሰውነቱ ምን ይሁን? ይቁም? ወደ ተመልካቹ ይዙር? ወይስ ምንም እንዳልተለወጠ እንጀራውን እየቆረሰ ይቀጥል? ለእነዚህ የሚሰጥ መልስ አንድ ቃል ሳይጽፉ የሚሠራ ሥራ ነው፤ በየትኛውም ትምህርት ቤት ፊት እንደ ኤክስፕሊካጺያ ሊቀርብ ይችላል።

ልጅቷ ተውኔቱን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብትል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይገጥማታል። እኛ ቤት የምንመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የሶማሌ ግጥም አንድ መነሻ ድምፅ ይመርጥና በየስንኙ ያንኑ ድምፅ እየደጋገመ እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። የሶማሌ ጆሮ የሚጠብቀው የቃሉን መነሻ፣ የእኛ ጆሮ መድረሻውን ነው ማለት ነው። ተዋናዩ ትንፋሹን የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር ይለወጣል። ይህን ያስተዋለች አመልካች፣ ከትወና ልምዷ ይልቅ ስለዚህ ትንፋሽ ሩብ ሰዓት ብታወራ ይሻላታል።

ለማኅደሩ ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። አንድ ግቢ፣ አራት ጎረምሶች፣ አንድ ፋኖስና አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ትዕይንት ይበቃል። አንድ ጊዜ ተመልካቹን ከግድግዳው ሥር፣ ሌላ ጊዜ በክብ አስቀምጣ ያንኑ ትዕይንት ሁለቴ ታሠራው። የመድረኩን ንድፍ ከላይ እንደሚታይ አድርጋ በእርሳስ ትሣል፤ በር የቱ፣ ፋኖሱ የት፣ ማን ከየት ገባ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዱ ጎረምሳ የቀረበትን ምክንያትና እሱን የተካችበትን መንገድም ትጻፈው። ፈታኞቹ ስለዚያ ሳይጠይቋት አይቀሩም።