የመተከል ወሰንና የጫግኒ ሸክም

ከእንጅባራ ተነሥቶ በጫግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ ቈልቍሎ፣ ከዚያም ታላቁ የዓባይ ግድብ እስከ ቆመባት እስከ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ፣ በሰላም ጊዜ የደጋውና የቆላው ሕዝብ እህሉንና ከብቱን የሚለዋወጥበት ጎዳና ነው። በ2013 ዓ.ም. ግን በዚሁ ጎዳና ከመተከል ወደ ጫግኒ የጐረፈው ቤቱ የነደደበት፣ ወገኑን በወጉ ሳይቀብር የሸሸ ሕዝብ ነበር።

መከራው በአንድ ሌሊት የተፀነሰ አይደለም። መተከል በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ አውራጃ ሲሆን፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው ተጐራብተው ኖረውበታል። ጕርብትናው ግን ቍስል አልባ አልነበረም፤ ጉሙዝ በቀድሞው ዘመን በባሪያ ፈንጋይ የተጠቃ፣ ምድሩንም በጎሣ በጋራ ይዞ እያፈራረቀ የሚያርስ ሕዝብ ነውና፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎና ከሌሎች አውራጃዎች ያመጣቸውን በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ሲያሰፍር፣ ኋላም ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች ሲሰጥ፣ የአባቶቹ ምድር ከእጁ ስትወጣ ተመለከተ።

ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ መተከል የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አካል ሆነ። የክልሉ የ1995 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ሲሰይም፣ የሌሎቹን በዚያ መኖር ከማወቅ አላለፈም። የተበደለውን ያከብራል የተባለው ድንጋጌ፣ ለዘመናት አብሮ የኖረውን ጎረቤት በሕግ ፊት እንግዳ አደረገው። በአማራው በኩል ደግሞ መተከል ወደ አማራ ክልል ይመለስ የሚለው ድምፅ ሲበረታ፣ ለአንዱ ርስት ማስመለስ የሆነው ለሌላው ወረራ መስሎ ታየው፤ በሁለቱ ፍርሃት መካከልም ነፍጥ ያነሣ ሰው ሰሚ አገኘ።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በመተከል ነዋሪዎችን ባነጋገሩ ማግስት፣ ጾመ ነቢያት ገና ሳይፈታ፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ማለዳ ደርሰው ሕዝቡን ፈጁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹን ቍጥር ከ100 በላይ ብሎ ሲያስታውቅ፣ በኋላ የወጡ ዘገባዎች ከ200 አሳልፈውታል። በዚያ ወራት ከ100,000 የሚበልጥ ሕዝብ ከቀዬው ተነቀለ፤ ከእርሱም ብዙው ጫግኒ ገብቶ፣ ከፊሉ በዘመድና በባዕድ ቤት ተጠግቶ፣ ከፊሉ ራንች በሚባለው መጠለያ በሸራ ሥር ሰፈረ። ታጣቂዎቹ ከወገኑ ናቸው ተብለው ነበርና፣ ጉሙዙም ብቀላን ፈርቶ ወደ ጫካ ሸሸ። ዐራሹ አዝመራውን በማሳው ትቶ፣ በላቡ ይመግበው የነበረውን ቤተሰቡን በእርዳታ ስንዴ ያሳድር ዘንድ ግድ ሆነበት።

መንግሥት መተከልን በኮማንድ ፖስት ሥር አድርጎ፣ በዚያው ዓመት ተፈናቃዮቹን መመለስ ጀመረ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ አስተዳደር ከጉሙዝ ታጣቂ ቡድን ጋር የሰላም ውል ተፈራረመ። ነገር ግን ነፍጥን ዝም ማሰኘት የሕጉን ጕድለት አይሞላም፤ ተመላሹ በገዛ መንደሩ እንግዳ ተብሎ እስከ ቆየ ድረስ፣ የሚቀጥለው ሽሽት ጊዜውን ብቻ ይጠብቃል።

ጉሙዝና ኦሮሞ ሚቹ በተባለው ቃል ኪዳናቸው ባዕዱን ወዳጅ አድርገው በአንድ ምድር ለመኖር ችለዋል፤ የመንግሥት ሕግ ገበሬ በቃል ከሠራው ሥርዐት ማነስ አይገባውም። ወሰኑ ወደየትም ይከለል፣ የጉሙዝ የጋራ ምድር ያለ ፈቃዱ ለማንም እንዳይሰጥ፣ በዚያ የሚኖረውም ሰው ሁሉ ዘሩ ሳይጠየቅ በቀበሌው ምክር ቤት ድምፅ፣ በፍርድ ቤቱም ፊት እኩል ክብር እንዲኖረው በሕግ ይደንገግ። የተገደሉትም ደም ያለ ፍርድ አይቅር፤ ፍርድ ያልተሰጠበት ደም በቀልን ለልጅ ልጅ ያወርሳልና።