«እኔ እኮ ሼር ነው ያደረግሁት»

የሰው ገመና ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ ጥያቄ ሲመጣ የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «እኔ አልጻፍኩት፣ ሼር ነው ያደረግሁት።» የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን በአንቀጽ 13 የሚቀጣው የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል አውቆ ያሰራጨውን ነው። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ እየደጋገሙ በመላክ ማስጨነቅማ እስከ 5 ዓመት፣ ነገሩ ሲከብድ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

«እውነት ከሆነስ?» ብዙውን ሰው የሚያዘናጋው ይሄ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2047 ያወራው እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው ኃላፊነት የለበትም ይላል። ወዲያው ግን ያጠብቀዋል፤ ለመጉዳት ብቻ ብሎ ያወጣው ከሆነ እውነትነቱ አያድነውም። የጎረቤት የኤችአይቪ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ሐሰት ላይሆን ይችላል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፉ ከመጉዳት ሌላ ምን ፋይዳ አለው?

«ለእኔ ስለተላከ የእኔ ነው» የሚሉም አሉ። ያው ሕግ በቁጥር 31 ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። ያኔ ስክሪንሾት አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ለዛሬው ቻት ልክክ ይላል ባይ ነኝ። ፎቶም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አደባባይ አይወጣም። በሕዝብ ፊት የሚከበር በዓል የተለየ ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ሲጋልብ የተነሳን ሰው መለጠፍ አያስጠይቅም። ያው ፈረሰኛ ቤቱ ታሞ ተኝቶ ሳለ የተነሳው ፎቶ ግን ፈቃዱን ይፈልጋል።

«ወሬ ሰው አይገድልም» የሚል ደግሞ ባሕር ዳር የሆነውን ያስታውስ። በ2014 መግቢያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶ፣ የሥራ ቦታና ሰፈር ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ጥቅምት 24 ቀን ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ልጥፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በ2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

«ከስሼ ካሣ እቀበላለሁ» የሚለው ተስፋ ብዙ አያስኬድም። በልጥፉ ምክንያት የታጣ ደመወዝ ወይም ገበያ ለብቻው ይሰላል፤ ለሕሊና ጉዳት ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ዛሬ በግ አይገዛም።

የሚሻለው ልጥፉ ሳይጠፋ ከነቀኑና ከነሊንኩ አስቀርቶ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ነው። በስም ማጥፋት ተበዳዩ ራሱ አቤት ካላለ ክስ አይከፈትም፤ ለአቤቱታውም ያለው ጊዜ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ በኋላ 3 ወር ነው። ሽማግሌ ተልኮ «ተው፣ ይቅር» ሲባባሉ የሚያልፈው ቀንም ከዚያው ላይ ይቆጠራል።