«ተመችቶታል» ከማለታችን በፊት

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲወፍር «ተመችቶታል»፣ ሲከሳ ደግሞ «ምን ነካው?» ይባላል። ክፉ ዘመን ያየ ወላጅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ በሰፈሬ በዘነበወርቅ ከእናቶችና ከአያቶች የምሰማው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ይህ አባባል አንድ ችግር እየሸፈነብን ነው።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሕክምና መስጫ ነው፤ በ1958 ዓ.ም ደግሞ አለርት ተቋቋመ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ብዙ ሰዎች እዚሁ ቀርተዋል። ስለዚህ የብዙ ቤት አንድ እግሩ ገጠር ነው። የእኛ ልጆች ለክረምት ወደ አያት ይሄዳሉ፤ የገጠሩ ታዳጊም ለትምህርት ወደ እኛ ይመጣል።

ምን ተለወጠ?

ገጠር ሳለ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ይመልሳል። እዚህ ሲመጣ በታክሲ ሄዶ በታክሲ ይመለሳል፤ ማታ ደግሞ ስልኩ ላይ ነው። «የሚበላው ያው እንጀራ ነው» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን በመሐል የገቡትን እርጥቡን፣ ቺፕሱን፣ ብስኩቱንና ለስላሳውን አንቆጥርም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በጾም ወራትም ሥጋና ቅቤ ቀረ ብለን ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ እናበዛለን።

ገጠሩም እንደ ድሮው አይደለም። ባጃጅ ገብቷል፤ ሱቁ ለስላሳና ብስኩት ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ1985 እስከ 2017 በዓለም ላይ ከታየው የአዋቂዎች የክብደት መጨመር ከግማሽ የሚበልጠው ከገጠር የመጣ መሆኑን አሳይቷል።

ሁለቱም ችግር አለብን

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የአገራችን ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። ስለዚህ «ልጆች ይክሱ» እያልኩ አይደለም። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ በኋላ በስኳርና በዘይት ሲወፍር ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ ይጋለጣል።

በክር የሚለካ

ሚዛን ባይኖር ክር ይበቃል። የልጁን ቁመት በክር ለኩና ክሩን ለሁለት እጠፉት። የታጠፈው ክር ሆዱን በእምብርቱ በላይ ዞሮ ካልገጠመ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አንገቱ ዙሪያ ቆዳው ከጠቆረና ከሻከረ፣ ውኃ ጥሙና ሽንቱ ከበዛ፣ ወይም ሲተኛ በኃይል ካንኮራፋ ቀን አትቁጠሩ።

ከቤት የሚጀመር

ታዳጊን ምግብ መከልከል አይገባም፤ ገና እያደገ ነው። ብዙ ጊዜ ክብደቱ ባለበት ቢቆይ ቁመቱ ይደርስበታል።

• ለስላሳ ለበዓል ይሁን፤ በአዘቦት ቀን ውኃ።
• ቦርሳው ውስጥ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይያዝ። ሽሮና ጎመን ድህነት አይደለም።
• በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፤ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግሩ ይምጣ።
• ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይተኛ፤ ስልኩ ሳሎን ይደር።
• ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይለወጥ። አባት ለስላሳ እየጠጣ ልጅን «ተው» ቢል አይሰማም።

«ዱባ» እያሉ መቀለድ ግን ይቅር። የተሰደበ ልጅ ተደብቆ ይበላል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ጭራሽ ምግብ ልትተው ትችላለች።

እናንት አያቶች፣ ፍቅራችሁን በከረሜላ አትለኩ። እኛም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ገጠር ስንወርድ ከብስኩትና ከለስላሳ ካርቶን ይልቅ ብርቱካንና ሙዝ እንያዝ። የልጅ ልጆቻችሁ ሲመጡ ደግሞ «ደክሟችኋል፣ ተቀመጡ» አትበሏቸው፤ ውኃ ይቅዱላችሁ፣ ጥጃም ያግዱላችሁ።