ችሎት የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡስ የት ነው?

ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በሩ ለጎብኚ ተከፍቶ የአዲስ አበባ ሰው ጠባቦቹንና ጨለማዎቹን ክፍሎች በዓይኑ አየ። ከጎብኚዎቹ መካከል በእነዚያው ክፍሎች ታስረው የነበሩ ሰዎችም ነበሩበት። በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ሰው ሲመረመርበትና ሲሠቃይበት የኖረውን ይህን ቤት ያየነው ሥራውን ካቆመ በኋላ ነው። ያኔ ከማዘን በቀር ልናደርገው የምንችለው ነገር አልነበረም። እስር ቤትን ለማየት ግን እስኪዘጋ መጠበቅ የለብንም። ዛሬም በየክፍለ ከተማው ሰው ይያዛል፤ ዛሬም ዳኛ ፊት ይቀርባል።

ችሎት ገብቶ መቀመጥ የሕዝብ መብት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳይ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት እንዲሰማ ያዝዛል። ችሎት ሊዘጋ የሚችለው የተከራካሪዎቹን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ያም ሆኖ ታዋቂ ሰው ካልተከሰሰ በስተቀር የኋላ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት የተጠርጣሪው እናት፣ ወንድም፣ ምናልባትም አንድ ጓደኛ ናቸው። ዘመድ የሌለው ተጠርጣሪ ደግሞ ማንም ሳያየው ቀርቦ ማንም ሳያየው ይመለሳል።

እኔ የተቀመጥኩት ፖሊስ የምርመራ ጊዜ በሚጠይቅበት በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው። ለብዙ ሰው ፍትሕ ሲባል የሚታየው የመጨረሻው ፍርድ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት የሚናጋው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት፣ ክስ እንኳን ሳይመሠረት ነው። መዝገብ ይጠራል፤ ተጠርጣሪው ይቆማል። መርማሪ ፖሊሱ የምስክሮችን ቃል ተቀብሎ አለመጨረሱን፣ የቴክኒክ ማስረጃ አለመምጣቱን፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮች መኖራቸውን ያስረዳል፤ ተጨማሪ 14 ቀንም ይጠይቃል። ተጠርጣሪው ዋስትና ይጠይቃል፤ ፖሊስ ደግሞ “ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋል” ብሎ ይቃወማል። ዳኛው ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ቀጣዩ መዝገብ ይጠራል። የአንድ ሰው ቀጣይ ሁለት ሳምንት የሚወሰነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሚዛኑን የሚለውጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ “ባለፈው በተሰጣችሁ ጊዜ ምን ሠራችሁ?” የሚለው የዳኛ ጥያቄ። ዳኛው ይህን ጠይቀው መልሱን ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክሩ መርማሪው ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ካልተጠየቀ ግን ባለፈው ቀጠሮ የተነገረው ምክንያት በዚህኛውም ቃል በቃል ይደገማል።

የተደጋጋሚ ቀጠሮው ችግር ሥር የሰደደ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ጣሪያ አላበጀም። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ የምርመራ ጊዜም የግድ አስፈላጊ ከሆነው እንዳያልፍ ዳኞችን ያስገድዳል። 14 ቀን ስለተጠየቀ 14 ቀን መስጠት ግዴታ አይደለም። ይህን የሚያስታውስ ሰው ችሎት ውስጥ ከሌለ የሕጉ ጣሪያ የተለመደ መጠን ይሆናል።

ዋስትና ሲፈቀድም ሁሉም እኩል አይወጣም። ያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው መጠኑን ሲወስን የተጠርጣሪውንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ ያዝዛል። ነገር ግን ለነጋዴ ቀላል የሆነው 5,000 ብር ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ ለሚያድር ወጣት ተራራ ነው። የደመወዝ ዋስ እንዳያቀርብ ደመወዝተኛ ዘመድ የለውም፤ ሊብሬም ካርታም የሚያሲዝለት አያገኝም። እንዲህ ያለው ልጅ ዋስትና ተፈቅዶለትም ይታሰራል። ወንጀል ስለመሥራቱ ገና ማንም አላረጋገጠም፤ የሚያስቀረው ድህነቱ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ደግሞ ሌላው የእስር ገጽታ ይታያል። በምሳ ዕቃ ስንቅ የያዙ እናቶችና ሚስቶች ተሰልፈዋል። ምግቡ ይፈተሻል፤ አንዳንዴም ያመጣችው ሴት ቅመሽ ትባላለች። በብዙ ጣቢያዎች የታሰረ ሰው የሚበላው ቤተሰቡ ያመጣለትን ነው፤ ጠያቂ የሌለው ከጓደኞቹ ተካፍሎ ያድራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 እስረኛ ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪውና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ሥራ ላይ የሚውለው ግን ጠያቂ ሲመጣ ነው።

ፍርድ ቤት ልቀቁ ያለውን ሰው ፖሊስ አልለቅም ያለባቸውን አጋጣሚዎች የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በተደጋጋሚ አንስቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ለ10 ወራት ያህል ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው ለመያዝ በር ከፍቶ ነበር። ኮሚሽኑ እስር ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው፤ ሥራውም ሊመሰገን ይገባል። አንድ ተቋም ግን በየጣቢያው በየጠዋቱ ሊገኝ አይችልም። ጎረቤት ይችላል።

ፍርድን ከዳር ቆሞ ማየት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ድሮ ተከራካሪዎች ነጠላቸውን እርስ በርስ ቋጥረው መንገደኛውን “ዳኘን” ይሉት ነበር፤ መንገደኛውም የራሱን ጉዳይ ጥሎ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለው የድሮ ሙግትም ሰው ከብቦ የሚሰማው አደባባይ ነበረው። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” የሚለው ተረትም የወጣው ፍርድን በዓይኑ እያየ ከኖረ ሕዝብ ነው። ያ ሥርዓት የራሱ በደል ነበረበት፤ ሴቶችና ደሃዎች እኩል አይደመጡበትም ነበር። ሰው ሲታሰር የሚያይ መንደርተኛ ግን አያጣም ነበር።

ዛሬ ያ መንደርተኛ በእድር ተደራጅቷል። አባል ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፣ የቀረ አባል ይቀጣል። የአባል ልጅ ሲታሰር ግን “መንግሥት ያውቃል” ብሎ ዝም ይላል። እድሮቻችን በየተራ ሁለት ሁለት ሰው መድበው የሰፈራቸው ልጅ በቀረበ ቁጥር ችሎት ቢያስቀምጡ፣ የቀጠሮውን ቀንና የተሰጠውን ምክንያት በደብተር ቢይዙ፣ ዋስ ላጣ ደሃ ከካዝናቸው ቢያሲዙ፣ ጠያቂ የሌለውን እስረኛ በየሳምንቱ ቢጠይቁ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን ልከው ቢያግዟቸው ሸክሙ ይቀልላል። ዳኛው የሚታይ መሆኑን ሲያውቅ መዝገቡን ደግሞ ያገላብጣል፤ መርማሪውም ያለፈውን ምክንያት ለመድገም ያፍራል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ የሚያስይዝ አንድ አባል ይነሳ።