ፎቶሲስተም ሁለት

ፎቶሲስተም ሁለት በአረንጓዴ ተክሎች፣ በዋቅላሚና በሳያኖባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ውኃን የሚሰነጥቅ የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። ስሙ «ሁለት» ቢልም በብርሃን አስተጻምሮ ሂደት ውስጥ ቀድሞ የሚሠራው እርሱ ነው፤ ቁጥሩ የተሰጠው በተገኘበት ቅደም ተከተል ነው። በጋይንት ደጋ የሚዘራው ገብስም ሆነ በስማዳ ቆላ የሚበቅለው ማሽላ ይህንኑ መሣሪያ ይጠቀማሉ።

አወቃቀር

ስብስቡ በክሎሮፕላስት ውስጥ ታይላኮይድ በሚባል ስስ ሽፋን ላይ መንታ ሆኖ ይቀመጣል። እያንዳንዱ መንታ 20 ያህል ፕሮቲኖችና 35 የክሎሮፊል ሞለኪውሎች አሉት። መካከሉን የያዙት ዲ1 እና ዲ2 የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከሳያኖባክቴሪያ የተወሰደውን ስብስብ በ1.9 አንግስትሮም ጥራት አሳዩ፤ ውኃን የሚሰነጥቀው እምብርት 4 የማንጋኒዝ፣ 1 የካልሲየምና 5 የኦክስጅን አተሞች እንዳሉትም ታወቀ። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለማውጣት ሁለት የውኃ ሞለኪውሎች ይሰነጠቃሉ፣ አራት ኤሌክትሮኖችም ይለቀቃሉ።

ኤሌክትሮኖቹ በፕላስቶኪኖን ተጭነው ወደ ሳይቶክሮም ቢ6ኤፍ፣ ከዚያም ወደ ፎቶሲስተም አንድ ያመራሉ። በመንገዱ በሽፋኑ አንድ ወገን የሚከማቹት ፕሮቶኖች ተመልሰው ሲፈስሱ ኤቲፒ ሲንቴዝን እንደ ውኃ ወፍጮ ያሽከረክሩታል። አትራዚን የተባለው ፀረ አረም ደግሞ በዲ1 ላይ ያለውን የፕላስቶኪኖን መቀመጫ በመያዝ ጉዞውን ከጅምሩ ይዘጋዋል።

ጉዳትና ጥገና

ዲ1 በብርሃን በቀላሉ ይጎዳል፤ ስለዚህ ሴሉ የተበላሸውን ቆርጦ እያወጣ አዲስ ይተካል። ችግር የሚመጣው ብርሃኑ በርትቶ ጥገናው ሲዘገይ ነው፤ ብርድ ደግሞ ጥገናውን ያዘገየዋል። በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት የጋይንትና የእስቴ ደጋዎች ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ያነጋል። ቅጠሉ ገና ሳይሞቅ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሚጠገነው የሚጎዳው ሊበልጥ ይችላል። ይህ ከውርጭ ጉዳት ጋር መምታታት የለበትም፤ ውርጭ ሴሉን በበረዶ ይገድላል፣ ይህኛው ግን ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ምግብ የማዘጋጀት አቅሙን ይቀንሳል። ተክሉ ለመከላከል ትርፉን ብርሃን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስወግዳል።

ጤፍና ማሽላ «ሲ4» ከሚባሉት ተክሎች ይመደባሉ፤ ገብስና ስንዴ «ሲ3» ናቸው። ልዩነቱ ያለው ውኃን በሚሰነጥቀው ስብስብ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚይዙበት መንገድ ነው።